ቁልፍ የሌላት እናት

እናትና ልጅ የሚለያዩባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ሞት አለ፤ ስደት አለ፤ ችግር አለ። በዛሬው ዓምዳችን የምናነሣው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሐሜት እንጂ በጋዜጣ የማይወሳውን ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ሱስና መጠለያ ማጣት ተባብረው እናትን ከልጆቿ የሚነጥሉበትን ሁኔታ ነው። «ልጆቿን በትና መጠጥ ላይ ወደቀች» እየተባለ የሚፈረድባት ሴት በየሰፈሩ አትጠፋም። ከመጠጡ በፊት ምን እንደ ደረሰባት፣ ልተወው ብትል ደግሞ የት ተቀምጣ እንደምትተወው ጠይቆ የሚፈርድ ግን ጥቂት ነው።

«የት ተቀምጣ» የሚለውን አነጋገር አንባቢ ልብ እንዲልልን እንፈልጋለን። ስለ ሱስ ሲወራ ወሬው ሁሉ ስለ ቆራጥነትና ስለ ፈቃድ ነው። ቤት ግን ሱሷን ድል የነሣች ሴት በመጨረሻ እንደ ሽልማት የምታገኘው ነገር ተደርጎ ይታሰባል። የነገሩ አካሄድ የተገላቢጦሽ ሊሆን እንደሚችል የወይዘሮ ሱዛን በርተን የሕይወት ታሪክ ያስረዳል። ወይዘሮ ሱዛን በአሜሪካን አገር፣ በካሊፎርኒያ ግዛት የሎስ አንጀለስ ከተማ ተወላጅ ናቸው። የደረሰባቸውን ሁሉ በ2017 ባሳተሙት መጽሐፍ ሳይሸሽጉ ጽፈውታል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

ወይዘሮ ሱዛን የተወለዱት በ1951 ነው። ያደጉትም በከተማይቱ ምሥራቃዊ ክፍል፣ አነስተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች በተሠራ የመንግሥት ኪራይ ቤቶች መንደር ውስጥ ነበር። በዚያን ዘመን ከደቡብ የአሜሪካ ክፍለ ሀገሮች የመጡ ብዙ ጥቁር ሠራተኞች በሎስ አንጀለስ ፋብሪካዎች ተቀጥረው ይኖሩ ነበር። የጎማና የመኪና ፋብሪካዎቹ እንጀራ አብሳይ ነበሩ። ከእነዚሁ ፋብሪካዎች ብዙዎቹ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ አንድ ባንድ ተዘጉ። ሥራ በጠፋበት ሰፈር ቀጥሎ የገባው ደግሞ «ክራክ» የተባለው፣ የሚጨስና በርካሽ ዋጋ የሚሸጥ የኮኬይን ዓይነት ነው። ይህን የምናነሣው የአንዲት ሴት ሱስ ከሰፈሯ ኑሮ ተነጥሎ ሊታይ ስለማይችል ነው።

ወይዘሮ ሱዛን የመጀመሪያ ልጃቸውን፣ ሴት ልጃቸውን፣ የወለዱት ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ ነበር። ቀጥሎ ወንድ ልጅ ወለዱ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ይህ ልጅ አምስት ዓመት ሆኖት ሳለ መንገድ ሲሻገር መኪና ገጭቶ ገደለው። መኪናውን ያሽከረክር የነበረው የከተማይቱ ፖሊስ መርማሪ ነበር። ከመሥሪያ ቤቱ አንድም የሐዘን ቃል እንዳልደረሳቸው እናትዮዋ ተናግረዋል።

በእኛ አገር ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም። እድርተኛው ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤት ንፍሮ ቀቅሎ ይመጣል፤ ለቅሶ ደራሹ ያድራል። (ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ባሉት ወራት ስንቶቻችን ተመልሰን እንደምንጠይቅ ግን እያንዳንዳችን እናውቀዋለን።) ወይዘሮ ሱዛን ሐዘናቸውን የተወጡት በመጠጥ ነበር። ከመጠጥ ወደ ኮኬይን፣ ከኮኬይን ወደ ክራክ ተሻገሩ። ዕፁን የፈለጉት ለደስታ ሳይሆን የልጃቸውን ሞት ለጥቂት ሰዓት እንኳ ላለማሰብ መሆኑን ሲናገሩ ማንኛዋም እናት ልትረዳቸው ትችላለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ለመግለጽ፣ ዕፅ ይዘው በመገኘታቸውና ከዚያ ጋር በተያያዙ ጥፋቶች አሥራ አምስት ዓመት ያህል በወሰደ ምልልስ ለስድስት ጊዜ ያህል እስር ቤት ገቡ። ይታሰራሉ፤ ይፈታሉ፤ ተመልሰው ይታሰራሉ። ለስድስት ጊዜ ከፊታቸው የተቀመጡት ዳኞች ቅጣት ከማንበብ በስተቀር ሕክምና አላዘዙላቸውም። በእነዚያ ዓመታት ሴት ልጃቸው ወደ አዋቂነት ደረሰች።

አሁን የነገሩ እምብርት ወደሆነው ነጥብ እንድረስ። አንድ እስረኛ ተፈትቶ በወጣ ቀን የት ይሄዳል?

የካሊፎርኒያ መንግሥት ከ1973 ጀምሮ ከእስር ለሚፈታ ሰው መውጫ የሚሆን 200 ዶላር ይሰጣል። ዶላሩ በሙሉ እጅ አይገባም። የሚለበስ ልብስ ያልመጣላት ሴት የልብሱ ዋጋ ይቀነስባታል፤ የአውቶቡሱም ቲኬት እንዲሁ። የቀረውን ይዛ በሎስ አንጀለስ መኻል ከተማ አውቶቡስ መናኸሪያ ትወርዳለች። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ «ስኪድ ሮው» የሚባለው፣ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች በድንኳንና በካርቶን ውስጥ የሚኖሩበት ሰፈር ይገኛል። ዕፅ ሻጩም፣ ሴት አቃጣሪውም የአውቶቡሱን መድረሻ ሰዓት ያውቁታል። ከእስር የወጣችው ሴት በምትይዘው ዕቃ ትለያለች። ማደሪያ አለሽ ወይ ብሎ የሚጠይቃት የመጀመሪያው ሰው ብዙውን ጊዜ እርሱ ነው።

ይህን ስንጽፍ የአዲስ አበባው አውቶቡስ ተራ ትዝ ይለናል። ከገጠር በመጣችው ልጅ ላይ ከአውቶቡሱ በር ጀምሮ ዓይኑን የሚጥለውን ደላላ የማያውቅ የከተማ ሰው የለም። ልጅቱ ደላላውን የምትከተለው ሞኝ ስለሆነች ሳይሆን በዚያች ሰዓት ማደሪያ ቤት ያለው ሰው እርሱ ብቻ ስለሆነ ነው።

ወይዘሮ ሱዛን በተፈቱ ቁጥር አልመለስም ብለው ይምሉ እንደ ነበር ጽፈዋል። መሐላቸው እውነተኛ እንደ ነበር አንጠራጠርም። ይሁን እንጂ መሐላ ማደሪያ አይሆንም። መታወቂያ ወረቀት የላቸውም። መታወቂያ ለማውጣት አድራሻ ያስፈልጋል። ሥራ ለመቀጠር መታወቂያም አድራሻም ያስፈልጋል። ቤት ለመከራየት ደግሞ ሥራ ያስፈልጋል። የቤት ቁጥር የሌለው ሰው ከቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት ምን ያህል እንደሚንከራተት የእኛም አገር አንባቢ አሳምሮ ያውቀዋል። በተፈታች በሦስተኛው ቀን ገንዘቧ ያለቀባት ሴት የቀራት በር የቀድሞ ጓደኞቿ በር ነው፤ እዚያም ዕፁ ይጠብቃታል።

ልጅ ላላት ሴት ሕጉ የባሰ ነበር። በ1996 የወጣው የፌዴራል ሕግ፣ በዕፅ ምክንያት በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው የምግብና የገንዘብ ድጎማ ዕድሜውን በሙሉ እንዳያገኝ ከለከለ። ክፍለ ሀገሮች ክልከላውን እንዲያላሉ ተፈቅዶላቸው ነበር፤ ካሊፎርኒያ ሙሉ በሙሉ ያነሣችው ግን በ2015 ነው። በዚያው በ1996 የመንግሥት ኪራይ ቤቶችን የሚያስተዳድሩ መሥሪያ ቤቶች በዕፅ የተነካካን ሰው በመጀመሪያው ጥፋት እንዲያስወጡና እንዳያስገቡ የሚገፋፋ መመሪያ ተላለፈ። በመሆኑም አንዲት የተፈታች ሴት በእናቷ የመንግሥት ኪራይ ቤት ውስጥ ሶፋ ላይ ብታድር፣ አሮጊቷ እናት ከቤታቸው የመባረር ሥጋት ያድርባቸዋል። ልጅ ለእናቱ ቤት የጥፋት ምልክት ሆኖ ሲገባ ማየት እንዴት ያለ ነገር ነው!

በ1997 ደግሞ ሌላ ሕግ ተጨመረ። ወላጁ ሊያሳድገው ያልቻለ ልጅ ከ22 ወራት ውስጥ 15 ወር በጊዜያዊ አሳዳጊ ቤተሰብ ዘንድ ከቆየ፣ መንግሥት የወላጅነት መብት እንዲሰረዝ ለፍርድ ቤት እንዲያመለክት ያዛል። ልጁ በዘመድ እጅ ካለ፣ ወይም ሌላ በቂ ምክንያት ከቀረበ ማመልከቻው ሊቀር ይችላል። የሕጉ ዓላማ ሕፃናት ከቤት ቤት እየተንከራተቱ እንዳያድጉ ነው፤ ይህ ዓላማ ክፉ ነው ልንል አንችልም። ነገር ግን ሂሳቡን እንመልከት። ሁለት ዓመት የተፈረደባት እናት ገና እስር ቤት ሳለች 15ቱ ወር ያልፋል። ብትፈታም ልጇን ለመመለስ ዳኛው የሚጠይቃት የታወቀ ነው፤ ሕክምናውን ጨርሰሻል ወይ? ገቢ አለሽ ወይ? ልጁ የሚተኛበት አልጋና የሚዘጋ በር ያለው ቤት አለሽ ወይ? የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ ቤቱን ልታይ ትመጣለች። የማቀዝቀዣውን በር ከፍታ ምግብ መኖሩን ትመለከታለች። መድኃኒትና ስለት ያለው ዕቃ የተቀመጠበትን ታያለች። ሌላውን ሁሉ አሟልታ ቤቱ የጎደለባት እናት ልጇን ሳትወስድ ትመለሳለች።

ችግሩ የጥቂት ሰዎች አይደለም። በአሜሪካ እስር ቤቶች የነበሩት ሴቶች ቁጥር በ1980 ከ26,000 ትንሽ ይበልጥ ነበር። በ2019 ከ220,000 በላይ ደርሷል። ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች እናቶች ናቸው።

ወደ ወይዘሮ ሱዛን እንመለስ። በ1997 ለመጨረሻ ጊዜ ሲፈቱ ስለ አንድ የማገገሚያ ቤት ከሚያውቁት ሰው ሰሙ። ቤቱ የሚገኘው ሳንታ ሞኒካ በተባለችው፣ ባለጸጎች በሚበዙባት የባሕር ዳር ከተማ ነው። እዚያ በቆዩባቸው ወራት አልጋ አገኙ፤ ምግብ አገኙ፤ ስለ ልጃቸው ሞት የሚያዳምጣቸው ሰው አገኙ። ከዕፁም ተላቀቁ። ያስቆጣቸው ነገር ግን ቀጥሎ የተመለከቱት ነው። በሳንታ ሞኒካ ዕፅ ይዘው የተገኙ ሰዎች እስር ቤት በመግባት ፈንታ ወደ ሱሰኞች የመረዳጃ ስብሰባ እንዲሄዱ ታዘው ሲመጡ አዩ። እርሳቸው በሚኖሩበት በደቡብ ሎስ አንጀለስ ለዚያው ጥፋት የሚሰጠው እስራት ነበር። ከአንዱ ሰፈር እስከ ሌላው ያለው መንገድ በመኪና አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም።

ከማገገሚያው ሲወጡ የቤት ውስጥ አስታማሚ ለመሆን ፈለጉ። በተመዘገበ ወንጀላቸው ምክንያት የሥራው ፈቃድ ተከለከለ። ስለዚህ ያለ ፈቃድ ሊሠራ በሚችለው፣ አንዲት አሮጊትን በቤታቸው ሆኖ በመንከባከብ ሥራ ተቀጠሩ። በሥራው ማደሪያም ደመወዝም ስለ ነበራቸው ገንዘብ ማጠራቀም ቻሉ። ባጠራቀሙትም ዋትስ በተባለው ሰፈር አንዲት ትንሽ ቤት ያዙ። ዋትስ በነሐሴ 1965 በተነሣው የጥቁሮች አመፅ 34 ሰዎች የሞቱበት፣ ስሙ በዓለም የተሰማ የድሆች ሰፈር ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ በሩን ዘግቶ እፎይ ይላል። ወይዘሮ ሱዛን ግን በ1998 ክፍሎቹን በተደራራቢ አልጋ ሞሉና ወደዚያው አውቶቡስ መናኸሪያ ሄደው ቆሙ። አቃጣሪው ሴቶቹን በሚጠብቅበት ቦታ እርሳቸውም ይጠብቁ ጀመር። ብዙዎቹን ከእስር ቤት ያውቋቸዋል። ማደሪያ አለሽ ወይ ብለው ይጠይቃሉ፤ አልጋ እንዳለ ይናገራሉ። ለሥራውም «አዲስ የሕይወት መንገድ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጡት።

በዚያች ቤት የሚደረገው ነገር ለጆሮ ተራ ነው። አዲስ የመጣችው ሴት ታርፋለች። በማግስቱ የመታወቂያ ወረቀት ጉዳይ ይጀመራል፤ አድራሻው የቤቱ አድራሻ ነው። መጠጥና ዕፅ ክልክል ነው። የቤት ሥራ በተራ ይሠራል። የሚታከሙት ወደ ሕክምናቸው፣ የሚማሩት ወደ ትምህርታቸው ይሄዳሉ። ልጅ ያላት ሴት የፍርድ ቤት ቀጠሮዋን የሚያስታውሳት፣ ሲያስፈልግም አብሯት የሚቆም ሰው ታገኛለች። ከ2007 ጀምሮም ከአንድ የታወቀ የሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ጋር በመተባበር፣ የቀድሞ ቅጣታቸው ሥራና ቤት የከለከላቸውን ሰዎች የሚረዳ የሕግ አገልግሎት ተቋቁሟል። አንዲቷ ቤት ዛሬ ብዙ ቤቶች ሆናለች። በእነዚህም ቤቶች እስከ ዛሬ ከሺህ በላይ ሴቶች ተጠልለዋል። ሲኤንኤን የተባለው የቴሌቪዥን ድርጅት በ2010 ወይዘሮ ሱዛንን ከዓመቱ አሥር ጀግኖች አንዷ አድርጎ መርጧቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊነሣ ይገባል። የወይዘሮ ሱዛን ቤት ዕፅን ይከለክላል። ሱሷን ገና ያልተወች፣ ዛሬ ትታ ነገ የምትመለስ እናትስ የት ትደር? ሱስ በአንድ ቀን ውሳኔ የሚያልፍ ሳይሆን የሚያገረሽ ሕመም መሆኑን ሐኪሞች ይናገራሉ። በዚህ ረገድ ሌላ መንገድ የሞከሩ አሉ። ሳም ሴምበሪስ የተባሉ የሥነ ልቡና ባለሙያ በ1992 በኒው ዮርክ ከተማ በመንገድ የሚኖሩ የአእምሮ ሕሙማንንና ሱሰኞችን ሱሳቸውን ተዉ ሳይሉ በቀጥታ ኪራይ ቤት አስገቧቸው፤ ሐኪምና ረዳት ወደ ቤታቸው ይመላለስ ነበር። ከአምስቱ ሰዎች ከአራት በላይ የሚሆኑት ቤቱን ይዘው ቆዩ። ሐቁን ለመናገር፣ ቤት ማግኘት ብቻውን ሱሱን አያጠፋም፤ በዚህ አሠራር ላይ የተደረጉት ጥናቶች በዕፅ አወሳሰድ ረገድ ይህን ያህል ለውጥ አላሳዩም። ሆኖም ሰው ከመንገድ ተነሥቷል፤ ሐኪሙም ሕመምተኛውን የት እንደሚያገኘው ያውቃል።

ፊንላንድ ይህንኑ አሠራር ከ2008 ጀምሮ የመንግሥት ዕቅድ አድርጋ፣ የድሮዎቹን የማደሪያ አዳራሾች ወደ ኪራይ ቤቶች ለወጠች። ወደ 8,000 ይጠጋ የነበረው የቤት አልባዎች ቁጥር በ2023 ወደ 3,400 ገደማ ዝቅ አለ፤ በ2024 ጥቂት ከፍ ብሏል። ለዚህ ዓምድ አንባቢዎች ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ከዚያ በፊት በዚያችው አገር በ1990 የተጀመረው ሥራ ነው። ሱስ ያለባት ነፍሰ ጡር፣ ወይም ጨቅላ የያዘች እናት ከሕፃኗ ሳትለይ አብረው የሚኖሩበትና እርስዋ የምትታከምበት ቤት ተቋቋመ። ሕክምናው የሚሰጠው እናትየዋ ልጇን እያጠባች፣ እያጠበችና ለምን እንዳለቀሰ ለማወቅ እየሞከረች ነው።

የዚህ ጥቅም ለእኛ ግልጽ ይመስለናል። ሱስ ያለባት እናት ከሐኪም የምትሸሸው ሕክምናውን ጠልታ አይደለም። ሱሰኛ መሆኗን የተናገረች ዕለት ልጇን የሚወስዱባት ስለሚመስላት ነው። ብዙ ጊዜም ፍርሃቷ እውነት ይሆናል። ስለዚህ ትደብቃለች፤ እርጉዝ ሆና ትደብቃለች፤ ወልዳም ትደብቃለች። በሩ ላይ «ከነልጅሽ ግቢ» የሚል ቤት ካለ ግን የሚደበቅ ነገር አይኖርም። ከሁለቱ መንገዶች የትኛው እንደሚሻል ብንጠየቅ፣ ለብቻቸው ላሉ ሰዎች የኒው ዮርኩና የፊንላንዱ መንገድ ሳይሻል አይቀርም እንላለን። ከሕፃናት ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ለሚኖሩት ግን ዕፅ የማይገባበት ቤት ማስፈለጉን የሚክድ እናት አይኖርም። ከቤቱ የወደቀችውን ዳግመኛ የሚቀበል ሌላ በር መኖር አለበት፤ በብዙ ከተሞች የጎደለው ይኸኛው ነው።

ወይዘሮ ሱዛን ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ በወንጀል የተቀጣ ሰው ቤትና ሥራ እንዳይከለከል ለዓመታት ሲከራከሩ ኖረዋል። በካሊፎርኒያ የምግብ ድጎማው ክልከላ ተነሥቷል። በክራክና በዱቄት ኮኬይን መካከል አንድ ለመቶ የነበረው የፌዴራል ቅጣት ልዩነት በ2010 ወደ አንድ ለአሥራ ስምንት ዝቅ ብሏል። በ1997 የወጣው ሕግ ግን በሥራ ላይ ነው። ልጇ በአሳዳጊ እጅ ያለባት እናት ዛሬም ከእስር ስትወጣ የሚቈጠርባት ያው 15 ወር ነው።